ማን ሞቶባችሁ ነው?

ሆሳዕና ውስጥ አራት ጎረምሶች ጥቁር መልበስ የጀመሩት ማንም ሳይሞትባቸው ነበር።

የነገሩ ጀማሪ ተረፈ ሀንዲሶ ነው፤ የጊምቢቹ አካባቢ ልጅ፣ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ። ለክረምት ኮርስ አዲስ አበባ ከርሞ ሲመለስ ጥቁር ሸሚዝና እግሩ እንደ ደወል የተነፋ ጥቁር ቤልቦተም ለብሶ ከአውቶቡስ ወረደ። ወር ሳይሞላ ሦስት ጓደኞቹ ልብስ ሰፊው ጋሽ ረሻድ ዘንድ ሄደው ያንኑ አሰፉ። ቅዳሜ ከሰዓት አራቱም አፍሯቸውን አበጥረው፣ የሱሪያቸውን ጫፍ ጭቃ እንዳይነካው በሁለት ጣት ከፍ አድርገው ዋናውን መንገድ ይወርዱታል። ባልቴቶች ከደጃቸው ብቅ እያሉ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ።

"ልጆቼ፣ ማን ሞቶባችሁ ነው?"

"ማንም። ፋሽን ነው።"

እማማ እህተማርያም የሚባሉ አሮጊት ይህን ሰምተው "ነፍስ ይማር፤ ፋሽን የማን ልጅ ነበር?" አሉ ተብሎ ከተማው ሳምንት ሙሉ ሳቀ። ያኔ ገና ይሳቅ ነበር።

ገነቴ ወልደ ሰንበት ግን አልሳቀችም። የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ ናት፤ የእሷና የተረፈ ክፍል አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። አባቷ ከደብረ ብርሃን በኩል ለፍርድ ቤት ጸሐፊነት መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ነበሩ። ሲሞቱ እሷ ልጅ ነበረች። እናቷ ወይዘሮ አባይነሽ ቀሚሷንና ነጠላዋን ጥቁር ቀለም በተበጠበጠበት ድስት ስትዘፈዝፍ፣ ክንዷ እስከ ክርኗ ጠቁሮ ከጥፍሯ ሥር አልለቅ ሲላት አይታለች። ለገነቴ ጥቁር ሰው መርጦ የሚለብሰው ሳይሆን ሳያስበው የሚወርድበት ነገር ነበር። ስለዚህ አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ተረፈን ለምን እንደሚለብሰው ጠየቀችው።

ተረፈ ሰው ፊት ብዙ የማይናገር ልጅ ነው። አባቱ አቶ ሀንዲሶ የጸሎት ቤት ሽማግሌ ናቸው፤ እሁድ እሁድ ልጆቻቸውን ነጭ ሸሚዝ አስለብሰው ከፊት ወንበር ያስቀምጣሉ። አማርኛው ውስጥ ሀዲይኛው ለስለስ ብሎ ይሰማል።

"ነጭ ስለብስ የአባቴ ልጅ ነኝ" አላት ጫማውን እያየ። "ካኪ ስለብስ የመንግሥት። ጥቁሩን ስለብስ ነው የራሴ የምሆነው።"

ከዚያ በኋላ ሳቁ ይበልጥ ራቃት፤ እሱ ግን ቀረባት። ወይዘሮ አባይነሽ ነገሩ ሲደርሳት አልጮኸችም፤ ጥጧን መፍተሏን ሳታቆም ተናገረች። ጴንጤዎች ሟቻቸውን በመዝሙር የሚሸኙ፣ ማቅ የማይለብሱ፣ ተዝካር የማያወጡ ሰዎች ናቸው አለች። ክፉ ናቸው አላለችም። "ስሞት የማያለቅስልኝ አማች ግን ምን ያደርግልኛል?" አለች። ተረፈ ራሱም በቤታቸው ለሞተ ሰው ጥቁር እንደማይለበስ ለገነቴ ነግሯት ነበር።

በጥቅምት ወር አንድ ቀን ከሰዓት የተረፈ ሱሪ ጉልበቱ ላይ በዴስክ ሚስማር ተቀደደ። ተማሪዎች ወጥተዋል። ገነቴ ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ እሱ ፊቷ ቆመ። ቦርሳዋ ውስጥ የነበረው የተማሪዎች ዩኒፎርም የሚጠገንበት ሰማያዊ ክር ብቻ ነው።

"ያስታውቃል" አለችው።

"ቀርቦ ላየ ነው።"

"ቀርቦ የሚያይህ ማን አለ?"

መርፌዋ እንዳይወጋው ግራ እጇን በጨርቁና በጉልበቱ መካከል አስገብታ ሰፋች። የጉልበቱ ሙቀት መዳፏ ላይ ቀረ፤ ማታ ስትተኛም መዳፏን ጨብጣ ተኛች።

*

ጥር ላይ ወንድሟን ዋለን ገደሉት።

ከኮሌጅ ለእረፍት የመጣ ልጅ ነበር። አብዮት ጠባቂዎች ከቤት ወሰዱት፤ አስከሬኑ አልተመለሰም። የመጣው የቀበሌ መመሪያ ነው፦ ድንኳን አይተከልም፣ አይለቀስም፣ ጥቁር አይለበስም፤ ለጸረ ሕዝብ የሚያዝን ራሱ ጸረ ሕዝብ ነው። ዋለ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም አልነበረም። ባለሱቆች ጥቁር ቀለም የሚገዛን ሰው እንዲጠቁሙ ታዘዙ። አንዲት እናት አንጋጫ ገበያ ሄዳ አንድ ፓኬት ብትገዛ መንገድ ላይ ተፈትሻ ታሰረች። ጥቁር ቀለም እንደ ጥይት የሚደበቅ ነገር ሆነ።

ወይዘሮ አባይነሽ ነጭ ቀሚሷን እንደለበሰች ግድግዳውን ስታይ ትውላለች። አታለቅስም፣ አትበላም። ጎረቤት ሲገባ ነጠላዋን እስከ ጉልበቷ ትጎትታለች።

"ምን ሆነሽ ነው፣ እማዬ?" አለቻት ገነቴ።

"ራቁቴን የተቀመጥኩ ይመስለኛል" አለች እናቷ።

ገነቴ አንድ ተስፋ ብቻ ነበራት። በዚያች ከተማ ማንም ምንም ሳይለው ጥቁር ሊለብስ የሚችል ሰው ቢኖር ተረፈ ነው። ድሮም ይለብሳል፤ ቢጠይቁት ፋሽን ነው ይላል። ለማን እንደለበሰው ግን እሷ ታውቃለች። ግቢ ውስጥ ቆሞ ብታየው ይበቃታል። ወደ ሥራ የተመለሰች ዕለት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ዓይኗ በሰልፉ ላይ ሮጠ። ተረፈ ካኪ ሱሪና ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ቆሟል።

ቅዳሜ ሦስቱን ጓደኞቹንም መንገድ ላይ አየቻቸው፤ አንዱ ቡኒ፣ አንዱ ግራጫ፣ አንዱ የአባቱን ኮት ለብሷል። እማማ እህተማርያም እንኳን ከደጃቸው ሆነው በመገረም ያይዋቸዋል።

ሰኞ በአጥሩ ጥግ አቆመችው። ልትለው ያሰበችው ብዙ ነበር፤ ከአፏ የወጣው ግን ትንሽ ነው።

"ለጨዋታ ለበስከው። ሰው ሲሞት አወለቅከው።"

ተረፈ ከንፈሩ ነጣ። የሆነ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተና ከአጥሩ ማዶ የሚያልፈውን አብዮት ጠባቂ አየ።

"ልክ ነሽ" አላት።

ቢከራከራት ኖሮ ታዝንለት ነበር። "እናቴ ስለናንተ ያለችው እውነት ነው" ብላው ሄደች። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሚጋሩት ግድግዳ በኩል ድምፁ ሲመጣ ልጆቹን ጮክ ብለው እንዲያነቡ ታዛቸዋለች። ድምፁን እንዳትሰማ ነው። የጠላችው ግን ድምፁን አልነበረም፤ ሲጠፋ ጆሮዋ የሚፈልገው መሆኑን ነው።

*

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትገባ እናቷ ተነሥታ ፊቷን ታጥባለች። በሌላው ቀን በላች። ከዚያ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ እስከ ወፍጮ ቤት ሄዳ ተመለሰች። አካሄዷ ተለውጧል፤ አንድ ከባድ ነገር ከታች ደግፎ እንደያዛት ሁሉ ረጋ ብላ ትራመዳለች። ገነቴ ልቧ ተቀየመ። እናቴ ወንድሜን ረሳችው ብላ አሰበች፤ ይህን በማሰቧም በራሷ አፈረች።

የዋለ አርባ ደረሰ። ጸሎትም ተዝካርም የለም። እናቷ ግን ሴቶቹን ለጥጥ ደቦ ጠራች። እንዝርታቸውን ይዘው መጡ፤ ልጅ የሞተባት፣ ባል የሞተባት፣ እህት የሞተባት፤ ሁሉም ነጭ በነጭ። አብዮት ጠባቂው በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ አየ። የሚዞር እንዝርት ብቻ ስላየ ሄደ።

ኮቴው ሲርቅ ወይዘሮ አባይነሽ እንዝርቷን አስቀመጠች። የነጭ ቀሚሷን ጫፍ በሁለት ጣት ይዛ አንድ ስንዝር ታህል ከፍ አደረገች። ከሥሩ ጥቁር ነበር።

ከዚያ ፊት ለፊቷ የተቀመጠችው ሴት የራሷን ጫፍ ከፍ አደረገች። ጥቁር። ከጎኗ ያለችውም። ከግድግዳው ሥር ያሉትም። ድምፅ የሌለው እንባ በየጉንጩ ወረደ፤ አንዲቷ ሳግ ሲይዛት ነጠላዋን ነከሰች። ጥቂት ቆይተው ቀሚሳቸውን መለሱ፤ እንዝርቱም እንደገና መዞር ጀመረ። ገነቴ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም አየች። እናቷ ዋለን አልረሳችውም። ሲያስኬዳት የከረመው ያ ጥቁር ነው።

ሴቶቹ ሲሄዱ የእናቷ የውስጥ ቀሚስ አንድ ቦታ ተተርትሮ ነበርና ገነቴ ልትሰፋላት ተንበረከከች። ጨርቁ ከቁራጭ ከቁራጭ የተገጣጠመ ነው፤ ከታች ሰፊ፣ ወደ ላይ የሚጠብ። እጇን ከጨርቁ ሥር አስገብታ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። በጥቁሩ መሐል ጣት የምታህል ሰማያዊ ስፌት አለች።

መዳፏ ከዓይኗ ቀድሞ አወቃት።

"እማዬ፣ ይህን ማን ሰጠሽ?"

"ረሻድ። የተረፈ ቁራጭ ነው ብሎኝ፤ ለሁላችንም እሱ ነው የሰፋልን። ምነው?"

ገነቴ ነገረቻት፤ ደረጃውን፣ ሚስማሩን፣ ክሩን። አራቱ ጎረምሶች በአንድ ሳምንት ለምን ልብስ እንደለወጡ አሁን ገባት፤ ጥቁራቸው ሁሉ በሴቶቹ ነጭ ሥር ነበር፤ አጥሩ ጥግ ምን እንዳለችውም ነገረቻት። "የዚያ የጴንጤው ልጅ?" ብላ ጠየቀች እናቷ። ከዚያ ቀሚሱን በመዳፏ ዳሰሰችው፤ ሰው እንደምትዳስስ።

*

በማግስቱ ማለዳ ገነቴ የጋሽ ረሻድን ሱቅ ስታንኳኳ በሩ በግማሽ ተከፈተ። የሰውዬው ግራ ዓይን አብጧል። አስገቧትና ዝቅ ባለ ድምፅ ነገሯት። ትናንት ሱቃቸው ተፈትሾ ነበር። ከስፌት መኪናው ሥር አንድ የሱሪ ወገብ ተገኘ፤ እሳቸው ለደንበኛ ሲሰፉ የስሙን መጀመሪያ ፊደል ከውስጥ በክር ይጽፋሉና "ተ" ይላል። የተረፈ ጓደኞች ልብሳቸውን ሾኔ ገበያ ሸጥነው ብለው ተለቀቁ። የእሱ ግን ወገቡ እዚህ ነው። እሳቸውን ሲደበድቡ ተረፈ ሰምቶ በራሱ እግር መጣ።

"ጨርቁ የኔ ነው፣ ቅደደው ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ አላቸው። ሱሪው ለማን ልብስ ሆነ ነው ጥያቄያቸው። አቃጠልኩት ይላል እሱ። አላመኑትም። ስም እስኪጠራ አይለቁትም፣ የኔ ልጅ። አንድ ስም ከወጣ ደግሞ ሁሉም እናት ይለቀማል።"

ተረፈ ለምን እንዳልነገራት ጠየቀቻቸው። ጋሽ ረሻድ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ።

"እኔም ብዬው ነበር። ብትጠላኝ ይሻላል አለኝ። የሚጠላ ሰው ሲጠየቅ የሚናገረው የለውም አለ።"

ቤት ስትገባ ይህን ለእናቷ በቆመችበት ነገረቻት። ወይዘሮ አባይነሽ ወደ ጓዳ ገባች። ስትወጣ ጥቁሩ በእጇ ነበር፤ የወገቡንም ገመድ ለልጇ ልክ አሳጥራዋለች።

"ልበሽው" አለች። "ከላይ። ይዩሽ።"

"የዋለ ሐዘን ነው፣ እማዬ። ዓመቱ አልሞላም።"

"ለዋለ ነጭ ለብሼም አዝንለታለሁ። ዋለ ከእንግዲህ አይገደልም። ያ ልጅ ግን ገና በሕይወት ያለ ሰው ነው።"

ገነቴ ጥቁሩን ከላይ አድርጋ ወጣች። ዋናው መንገድ ላይ ሰው ሁሉ ቆሞ አያት፤ ጭቃው እንዳይነካው ጫፉን በሁለት ጣት ከፍ አድርጋ ይዛለች። እግሯ እንጂ ልቧ አብሯት የሚሄድ አይመስላትም ነበር።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጠረጴዛው ላይ ሽጉጡን አስቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች በር ላይ ናቸው። ሊቀመንበሩ ቀሚሷን ከላይ እስከ ታች አየው።

"ማን ሞቶብሽ ነው?"

የዋለ ስም ጉሮሮዋ ላይ መጥቶ ቆመ። ለአርባ ቀን ያልተጠራ ስም ነው፤ አሁንም ሊወጣ ታገላት። በየነጩ ሥር ያለውን ጥቁር አሰበች። ስሙን እንደ ምራቅ ዋጠችው። ሲወርድ አመማት።

"ማንም" አለች። "ፋሽን ነው።"

ሊቀመንበሩ ከመሳቢያው የሱሪውን ወገብ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጣለው። ገነቴ ሳትጠየቅ፣ እሱ የቀሚሷ ትርፍ መሆኑን ነገረችው። ተረፈ ጓደኛዋ መሆኑን፣ ሱሪውን ወድዳ ስጠኝ ብትለው እንደሰጣት፣ ጋሽ ረሻድም ቀሚስ እንዳደረጉላት ተናገረች። ጎንበስ ብላም ሰማያዊዋን ስፌት አሳየችው።

"ይህቺን የሰፋኋት እኔ ነኝ። ለብሶት ሳለ።"

"ለብሶት ሳለ?"

"እግሩ ላይ እንዳለ።"

በር ላይ ያሉት ሳቁ። አንዱ ለሌላው የሆነ ነገር ሹክ አለው፤ እንደገና ሳቁ። የገነቴ ፊት ጋለ፤ ዓይኗን ግን አልሰበረችም።

"ይህ ከሆነ ለምን ደበቀ?" አላት ሊቀመንበሩ።

"እናቴን ፈርቶ ነው። እሱ ጴንጤ ነው፣ እኛ ኦርቶዶክስ። በእኛ ቤት ይህ ከሞት አይተናነስም።"

ተረፈን አመጡት። ሸሚዙ ተቀዷል፤ አንድ እግሩን ይጎትታል። ቀና ሲል መጀመሪያ ያየው ቀሚሱን ነው። ዓይኑ በጥቁሩ ላይ እየፈለገ ወረደና ሰማያዊዋ ላይ ቆመ። ከዚያ ፊቷን አየ። የምትለውን ሁሉ ለብሳዋለች።

"ሱሪህን ለማን ሰጠህ?" አለው ሊቀመንበሩ።

"ለእሷ።"

"ለምን?"

"ስለምወዳት።"

ለብቻቸው ሆነው ይህን ቃል ብሏት አያውቅም ነበር። አሁን ሳቁ የለም። ሊቀመንበሩ ሻዩን ጨለጠና የተሰላቸ ሰው ድምፅ አወጣ። አገር ጦርነት ላይ ሳለች በሱሪ የሚጫወት አስተማሪ አያስፈልግም አለ። "ጥቁር ከወደደ እኛ ካኪ እናለብሰዋለን።" ሚሊሺያ የሚጭነው መኪና ያንኑ ዕለት ይነሣ ነበር።

ሲያወጡት በአጠገቧ አለፈ። አብዮት ጠባቂው ክንዱን ቢይዘውም እርምጃውን ገታ አደረገ።

"ቀርበሽ አየሽው" አላት።

"ቆይቼ ነው ያየሁት" አለች። የሰማት አይመስላትም።

መኪናው ዋናውን መንገድ ይዞ ወጣ። ጎኑ ላይ ከቆሙት ወንዶች ተረፈ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ሞከረች፤ ሁሉም ካኪ ለብሰዋል። አቧራው ሲነሣ ያኔ ከውስጧ አንድ ድምፅ ወጣ፤ የራሷ መሆኑን አላወቀችውም። በመንገዱ መሐል በጥቁሯ ተቀምጣ አለቀሰች። ጓደኛዋ ለዘመተባት ልጅ ማልቀስን የሚከለክል መመሪያ አልወጣም። ይህን ስታውቅ ድምጿን ለቀቀችው። ለተረፈ ጀመረችው፤ ዋለ ተከተለው። የዋጠችው ስም ሁሉ በዚያው በር ወጣ።

እናቷ በነጭ ቀሚሷ እየሮጠች መጣችና አጠገቧ ተቀመጠች። "ልጄን" አለች ደረቷን እየመታች፤ "ልጄን።" የትኛውን ልጅ እንደሆነ የጠየቃት የለም። ከየደጁ ሴቶቹ ወጡ፤ ጎረምሳ የተጫወተባትን ልጅ ሊያጽናኑ እንደመጡ ሁሉ ከበቧት። ከዚያ አንዷ ጮኸች፣ ሌላዋ ተቀበለቻት። በሆሳዕና መንገድ ላይ ከጥር ጀምሮ ያልተሰማ ለቅሶ ተሰማ።

አብዮት ጠባቂው ጠመንጃውን አንግቶ ደረሰ።

"ማን ሞቶባችሁ ነው?" አለ።

እማማ እህተማርያም እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ቀና ብለው አዩት።

"ማንም፣ ልጄ" አሉት።